ማን ሳማት?

አርካዊት፣ ካርቱም፣ 1994 ዓ.ም.

ሐምሌ 9

ሴት። ትናንት ከሰዓት በኋላ። ማህሌት ደክማለች እንጂ ደህና ናት።

በአርባ ስድስት ዓመቴ አባት ሆንኩ። ድንበሩን አብረውኝ በእግር የተሻገሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ ካናዳ ገብተዋል፣ ወይ አያናግሩኝም። እኔ እዚሁ ቀረሁ። በአስተርጓሚነት የሰው አፍ ሆኜ ስኖር ጸጉሬ ሸበተ። ማህሌትን ያገባሁት አምና ነው፤ ከእኔ በጣም ታንሳለች። ሰው ይህን ሲያወራ እሰማለሁ።

ልጅቷን አሳቀፉኝ። ፊቷን ትክ ብዬ ሳይ ማህሌት ምን ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

ሐምሌ 12

ትናንት ሐቦብ ተነሳ። ሰማዩ ቀላ፣ አቧራው በተዘጋ መስኮት ገባ። ሃፍላ የሚሉትን አውቶቡስ አጥቼ ከቢሮ ግማሹን መንገድ በእግሬ መጣሁ። ማምሻውን ብርድ ብርድ አለኝ፣ አተኮሰኝ። ጠዋት ስነሳ ከንፈሬን ምች መትቶኛል። ድንበር ከተሻገርኩበት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እናቴ ብትኖር ዳማከሴ አሽታ ትቀባኝ ነበር። እዚህ ዳማከሴ ከየት ይመጣል? ቫዝሊን ቀባሁ።

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። የማህሌት ወዳጅ ስንቅነሽ ሕፃኗን ከእጅ እጅ እያዞረች፣ "ይቺ ልጅ እኮ አባቷን ምኗም አይመስል" ስትል ከኮሪደሩ ሰማኋት። ሴቶቹ ሳቁ። ማህሌትም ሳቀች። እሷ ምን ያስቃታል?

ሐምሌ 13

አራሷን እንድታግዝ ሉጥፊያ የምትባል የወሎ ልጅ ቀጥረናል። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ አክስቷ ዘሊካ ዘንድ ታድራለች፣ በጠዋት ትመጣለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው። ግን አትናገርም። ከቀድሞ አሠሪዎቿ ለምን እንደለቀቀች ብጠይቃት "ሰዎቹ ሄዱ፣ ጋሼ" ብላ ዝም አለች። የት እንደሄዱ አልነገረችኝም።

ዝምተኛ ሰው አልወድም። ድሮ በሕቡዕ ስንሠራ ከሕዋሳችን ሁሉ ዝምተኛው ነበር ያስበላን።

ሐምሌ 14

ማህሌት ገላዋን ስትታጠብ ከልጄ ጋር ብቻችንን ሆንን። ጣቴን ያዘችኝ። ግንባሯን ሳምኳት፣ አናቷን ሳምኳት፣ ብስማት ብስማት አልጠግብ አልኩ። ወተት ወተት ትሸታለች።

ሉጥፊያ ገብታ አየችን። "ጋሼ፣ ትተኛ" ብላ ከእጄ ወሰደቻት። በገዛ ቤቴ!

ሐምሌ 21

ልጅቷ ዛሬ ጡት እምቢ አለች። ስትነቃም መልሳ ትተኛለች። ማህሌት ሙቀቱ ነው ትላለች።

ሐምሌ 22

አተኮሳት። አናቷ ላይ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው። ሰፈር ያለው ክሊኒክ የሙቀት ሽፍታ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። አላመንኳቸውም። ሽሮፑንም አላመንኩትም።

ሐምሌ 23

ሶባ። ሆስፒታል። ጎረቤታችን ኢሳ በመኪናው አደረሰን። ማህሌት መንገዱን ሙሉ ጆሮዋን ከልጅቷ አፍ አላነሳችም፤ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ከጀርባዋ በመርፌ ውኃ ቀዱ። እኔን አስወጡኝ።

ሐምሌ 24

ሐኪሟ ዶክተር ኒዕማ ይባላሉ። በዕድሜ የገፉ ሱዳናዊት ናቸው፣ በቀስታ ይናገራሉ። ሄርፒስ ነው አሉ። ይህን ቃል ለሌሎች ተርጉሜ አውቃለሁ፤ ሰዎች ሲሰሙት እንዴት አንገታቸውን እንደሚደፉም አውቃለሁ።

በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወዲያው አስጀመሩ። ቀጥለው ማህሌትን ብቻዋን ሊያናግሯት እንደሚፈልጉ ነገሩኝና ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ማህሌት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምን እንደጠየቋት ብላት፣ ቁስል ኖሮባት ያውቅ እንደሆነ መጠየቋን፣ የለም ማለቷን ነገረችኝ። ይህን ለመጠየቅ እኔን ማስወጣት ለምን አስፈለገ? የለም ለማለትስ ያን ያህል ይፈጃል?

ሐምሌ 25

ከማህሌት ጋር ብዙም አልተነጋገርንም። እሷ ከልጅቷ ጋር አደረች፤ እኔ ቤት ነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ ዶክተር ኒዕማን ይህ ነገር ልጄ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። ቫይረሱ ብቻውን ምንም አይደለም አሉ፤ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። የሰው ሕዋስ ቆዳ ላይ ይለጠፍና ውጫዊ ልባሱን ደጅ ጥሎ ይገባል። እስከ እምብርቱ ዘልቆ የዘር ክሩን እዚያ ይለቃል። ሕዋሱም የራሱ ትእዛዝ እየመሰለው ያነበዋል። መጀመሪያ አዛዦቹን ይሠራለታል፣ ቀጥሎ ክሩ የሚገለበጥበትን መሣሪያ፣ በመጨረሻ አዲሶቹ የሚለብሱትን ቅርፊት። ሲሞላ ይፈርሳል፤ የወጡት ደግሞ ጎረቤቱን ይይዛሉ። ልጄ አናት ላይ ያየሁት ውኃ የፈረሱ ሕዋሳት ውኃ ነው።

ሕዋስ ሲሉ የእኛን ሕዋስ አስታወስኩ። ያኔም እንዲሁ ነበር። ከውስጥ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ከቫይረሱ አንዳንዱ ሳይባዛ በነርቭ ሽቅብ ይወጣና የነርቩ ሥር ላይ ይተኛል። ዓመት፣ ዓሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ። ባለቤቱ መኖሩን አያውቅም። ትኩሳት ወይ ፀሐይ ወይ ድካም ሲያገኘው ይነቃና በመጣበት ነርቭ ተመልሶ ይወርዳል። ለሕፃን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት በወሊድ ይመጣል፤ አፉ የቆሰለ ሰው ሲስማትም ይይዛታል አሉ።

አፉ የቆሰለ ሰው ቤታችን አልመጣም። ሁሉንም አንድ በአንድ አስቤያለሁ። ስንቅነሽ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ነበር፤ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል። የሉጥፊያ ከንፈር አንድ ቀን ጥጉ ተሰነጣጥቆ አይቻለሁ። የእኔ ምች እንኳ ደርቆ ወድቋል።

ግን "ከእናት" ነው ያሉት። ማህሌት ካርቱም ከመምጣቷ በፊት ገዳሪፍ ያሳለፈችውን ዘመን ጠይቄያት አላውቅም። ዓሥር ዓመት መተኛት ከቻለ፣ ገዳሪፍም ይደርሳል።

ሐምሌ 26

ጠየቅኳት። ልጅቷ አልጋ አጠገብ። ከእኔ በፊት ማን እንደነበረ።

ማህሌት አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች። እስክሄድ አልመለሰችውም።

መልስ አልሰጠችም። መልስ አለመስጠትም መልስ ነው።

ሐምሌ 27

ሉጥፊያን አሰናበትኩ። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ልጃችን በበሽታ መያዟን፣ በሽታውም ከሰው የመጣ መሆኑን ነገርኳት። ሻርፗን አስተካክላ የልጅቷን ጨርቆች አጣጥፋ ጨረሰች፤ ከዚያ ወጣች። አልተከራከረችም። ንጹሕ ሰው አይከራከርም?

ስንቅነሽን በር ላይ አገኘኋት። ሠራተኛዋ የት እንደሄደች ስትጠይቀኝ፣ በሽታ ይዛብን የመጣች ሳትሆን እንደማትቀር ነገርኳት። ከአፌ አመለጠኝ። ቢሆንስ፣ ሐሰት ነው?

ሐምሌ 28

መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ስላለቀ ከውጭ ግዙ አሉን። ከአርካዊቱ ሰይደሊያ፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ አመጣሁ። የጠርሙሱን ክዳን አየሁ፣ ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር አነበብኩ፣ ቀኑን ከካርቶኑ ጋር አመሳከርኩ። ባለ ሱቁ "ኡስታዝ፣ እንደ ጉምሩክ ሰው ነህ" ብሎ ሳቀብኝ። ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ደረት ላይ አዲስ ወጥቷል። ይሠራ ቢሆን አዲስ ይወጣ ነበር?

ጠርሙሱን ይዤ ዶክተር ኒዕማ ዘንድ ገባሁ። ደክሟቸው ነበር፤ ቢሆንም አስቀመጡኝ። መድኃኒቱ የተሠራውን አያፈርስም አሉ፤ የሚያቆመው ግልበጣውን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የተያዘው ሕዋስ መፍረሱ አይቀርም፣ አንድ ሁለት ቀን አዲስ ሊታይ ይችላል። አሠራሩንም ነገሩኝ። መድኃኒቱ ክሩ ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች አንዱን ይመስላል። ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ሥራ የለውም፣ እንደተኛ ያልፋል። ቫይረሱ ያለበት ሕዋስ ውስጥ ግን የቫይረሱ የራሱ ኤንዛይም የራሱ ቅንጣት መስሎት ማኅተም ይመታበታል። ሕዋሱ የቀረውን ሁለት ማኅተም ይጨምርለታል። ያን ጊዜ ክሩ ላይ ይሰካል፤ ከእሱ ኋላ ግን ሌላ የሚሰካበት ቦታ የለም። ክሩ እዚያው ላይ ይቆረጣል።

እንግዲህ ቫይረሱ በገዛ እጁ ነው የሚያስታጥቀው። ጥሩ ነው አልኩ። ግን መድኃኒቱን የማያስታጥቅ ቫይረስ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አለ አሉ፣ ያ ኤንዛይም የጎደለው፤ ሰውነቱ የተዳከመ፣ ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ላይ ይታያል፤ አዲስ በተያዘች ሕፃን ላይ እምብዛም። እምብዛም ማለት የለም ማለት አይደለም።

"ኡስታዝ" አሉኝ፣ "እርስዎ ሁሉንም ከጠረጠሩ ልጅቷን ማን ያክማት?"

ነሐሴ 1

አዲስ አልወጣም። ዛሬ ጠባች! ጥቂት፣ ግን ጠባች። ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ ጮክ ብላ ስታለቅስ ብዙ ቀኗ ነው።

መድኃኒቱ እውነተኛ ነው። ባለ ሱቁን ሌባ ብየዋለሁ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን በልቤ።

ነሐሴ 4

ከጀርባዋ የተቀዳው ውኃ ንጹሕ ነው ተባለ፤ ወደ አንጎሏ አልገባም። ማህሌት ወለሉ ላይ ተንበርክካ አመሰገነች።

ሌላም ውጤት መጣ። የማህሌት ደም። ዶክተር ኒዕማ ሁለታችንንም አስቀምጠው ነገሩን። ይህ ቫይረስ የነካው ሰው ደሙ ውስጥ ጸረ አካል ይኖረዋል፤ በማህሌት ደም ውስጥ የለም። በሕይወቷ ነክቷት አያውቅም። ልጅቷ ላይ የበረታውም ለዚህ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ያለባት እናት ልጇ በማህፀን ሳለች መከላከያ ታወርሳታለች፤ ማህሌት የምታወርሳት አልነበራትም።

ማህሌት አላየችኝም። ይቅርታ ልል ስጀምር ተነስታ የልጅቷን ጨርቅ ልታጥብ ሄደች።

ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም ብሎኛል። ማህሌት አይደለችም። ስለዚህ ሉጥፊያ ናት።

ነሐሴ 7

ሐጅ ዩሱፍ ሄድኩ። ሃፍላው ገበያው ጋ ጣለኝ፤ ከዚያ በባለ ሦስት እግር ረክሻ ገባሁ፣ የትናንቱ ዝናብ መንገዱን ኩሬ አድርጎታል። ዘሊካ የግቢው በር ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ግቡ አላለችኝም። ሉጥፊያ ከኋላዋ ነበረች።

ደሟን እንድትሰጥ ልለምናት ነው የሄድኩት፤ እውነቱ እንዲታወቅ። ልጅቷን ስማት ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ወላሂ ስሜያት አላውቅም ጋሼ" አለች፣ "አርባ ቀን ያልሞላት ልጅ እኛ ጋ አትሳምም።" ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ አፌን አየችና ዝም አለች።

ዘሊካ ግን ዝም አላለችም። አንድ ቤተሰብ ልጅቷን ሊቀጥር ተስማምቶ እንደነበር፣ ወሬ ሰምቶ በማግስቱ እንደመለሳት ነገረችኝ። ወሬው የመጣው ከአርካዊት ነው አለች። እኔ ለብዙ ሰው አላወራሁም። ለስንቅነሽ ብቻ ነው።

ለምን አፌን አየች?

ነሐሴ 9

ዶክተር ኒዕማ ዘንድ ገብቼ የደረስኩበትን ሁሉ ነገርኳቸው። ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን እንዳቀፋት፣ የሉጥፊያን ነገር፣ የስንቅነሽን የከንፈር ቀለም። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ "እርስዎስ?" አሉኝ።

እኔ ጤነኛ ነኝ አልኩ። ያን ሰሞን ምች ብቻ ነበረብኝ። "ምች"ን በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ዓረብኛው አልመጣልኝም።

"ምች ምንድን ነው?"

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሳመላልስ ይህን ቃል ተርጉሜው አላውቅም። ሐኪም ፊት የሚነሳ ነገር መስሎኝ አያውቅም፤ ምች ምች ነው። ላስረዳቸው ጀመርኩ። ሰውየውን ፀሐይ ሲመታው ወይ ሲያተኩሰው ከንፈሩ ላይ ይወጣል አልኩ። መጀመሪያ ያቃጥላል። ከዚያ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው…

እዚያ ላይ አፌ ቆመ።

ዶክተሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ሕፃኗን ስመዋት ነበር?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

አልተቆጡኝም። ግማሹ ካርቱም ተሸክሞት ይኖራል አሉ፣ አብዛኛው በልጅነቱ ከዘመድ ከንፈር ያገኘው ነው፣ ነውር የለበትም። እርስዎም ከእናትዎ ወይ ከአክስትዎ ነው ያገኙት አሉ። እናቴን አስታወስኩ። ስትስመኝ።

ነሐሴ 10

ሥራ አልሄድኩም። ሆስፒታልም አልሄድኩም።

አናቷን። ግንባሯን። ብስማት ብስማት።

ሉጥፊያ ከእጄ ወስዳት ነበር።

ነሐሴ 11

ለማህሌት ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ፣ ጠያቂዎች እያለፉ። ሁሉንም፣ ሐቦቡን፣ ከንፈሬን፣ የሳምኩበትን ቀን።

"ካንተ በመምጣቱ አልቀየምህም" አለችኝ። "አታውቅም ነበር። ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ግን የምትለውን ታውቅ ነበር። ልጄ ልትሞት ነው ብዬ ስንቀጠቀጥ አንተ የምትፈልገው የሚወቀስ ሰው ነበር።"

ልጅቷን ልይ ብላት፣ ከመስታወቱ ውጭ ሆነህ እያት አለችኝ። ሐኪሟ አሁን ቁስል የለብዎትም፣ ይግቡ ብለውኛል። ማህሌት ግን እንደዚያ አለች፤ እኔም ከመስታወቱ ውጭ ቆምኩ።

ነሐሴ 16

ቤት ገባን። መድኃኒቱ አለቀ፣ ቁስሎቹ ደርቀዋል። አናቷ ላይ ጸጉር ያልበቀለበት ትንሽ ቦታ አለ።

ስንወጣ ዶክተር ኒዕማ እውነቱን ሳይሸፍኑ ነገሩን። መድኃኒቱ የሚነካው የሚባዛውን ነው፤ የተኛውን አይነካም። ልጅቷ ነርቭ ሥር የተኛ አለ፤ አንድ ቀን ሊነቃ ይችላል። ትኩሳት ወይ አዲስ ውኃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት አሉ። ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። ከእኔ የወረሰችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ነሐሴ 20

መጀመሪያ ስንቅነሽ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ሉጥፊያ ያልኳት ሐሰት መሆኑን፣ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ለማንም አላወራሁም ብላ ማለች። ሉጥፊያን የመለሷትን ሰዎች ቤት እንድታሳየኝ ስለምናት ግን ወዲያው አሳየችኝ።

ሱዳናዊት እመቤት ናት። በሯ ላይ ቆሜ ዓረብኛዬን አስተካክዬ ተናገርኩ፤ እንደ ሌላ ጊዜ የሰው ቃል ሳይሆን የራሴን። ሰማችኝ፣ አዘነች፤ ሌላ ሠራተኛ ግን ቀጥራለች።

ከዚያ ሐጅ ዩሱፍ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር። ዘሊካ ወደ ጥግ ልትወስደኝ ስትል እዚሁ ይሁን አልኩ። ወሬውን የሰሙት እነሱ ናቸው። በሽታው ከእኔ ከንፈር ወደ ልጄ መሄዱን፣ ሉጥፊያ እንደሌለችበት፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዷ ሴትዮ ማጠቧን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ።

ሉጥፊያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጅቷ ትጠባ እንደሆነ ነው። ትጠባለች አልኳት። "አልሐምዱሊላህ" አለችና ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ማህሌት እንደምትለምናት ነገርኳት።

"አልመጣም፣ ጋሼ" አለችኝ፣ እጇን ሳታወጣ። "ቂም አይደለም። ግን እዚያ ቤት እጄን ባነሳሁ ቁጥር ያዩኛል።"

ከእንግዲህ አላይሽም ልል ነበር። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ተውኩት።

ጳጉሜ 3

ማህሌት ዛሬ ልጅቷን አሳቀፈችኝ። ራሷ ነች አምጥታ የሰጠችኝ። ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ ያዝኳት። "ቁስል የለብህም እኮ" አለችኝ። አውቃለሁ፣ ግን አልቻልኩም።

ስለ ገዳሪፍ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ተናገረች። ገዳሪፍ እናቷን አስታማ እንደቀበረች ነገረችኝ፤ ሌላ የሚነገር የላትም። እነዚያን ዓመታት አንድም ቀን ጠይቄያት እንደማላውቅም አስታወሰችኝ። የጠየቅኳት ስለ ወንድ ብቻ ነው።

መስከረም 23፣ 1995

ክርስትና ተነሳች። ስሟን ማህሌት መረጠች፤ ሰርክአዲስ።

እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ማህሌት በር ላይ እንድቆም ነገረችኝ። ማንም ሕፃኗን እንዳይስም ለእያንዳንዱ ሰው እኔ እንድናገር። ምክንያቱን ቢጠይቁኝስ አልኳት። "ንገራቸዋ" አለች።

ቆምኩ። ኢሳ መጣ፣ ነገርኩት። የቢሮ ሰዎች መጡ፣ ነገርኳቸው። ለምን ሲሉኝ፣ እኔ ስሜያት ታማ ስለነበር አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ ሌላው ምችን ማን ከበሽታ ይቆጥረዋል አለኝ። እኔም አልቆጥረውም ነበር አልኩት። ስንቅነሽ ከመናገሬ በፊት አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ከሰዓት በኋላ ሉጥፊያ ከአክስቷ ጋር መጣች። ማህሌት ናት ሄዳ የጋበዘቻት፤ እኔ አላወቅኩም። ሌላ ቤት ሥራ አግኝታለች፣ አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ለሌላው ሰው ሁሉ የምለውን እንድላት የምትጠብቅ መሰለኝ።

ለእሷ አትሳሚያት ብዬ የምነግራት አልነበረኝም። ገለል ብዬ አሳለፍኳት።